ፎርማት አድርጊው ያልከኝ ማሽን

ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤልኒ ወንድሜ፣

«ወንድምሽ የሠራውን ጠብቂ ተባልሽ፤ መጠበቅ አቃተሽ» አሉኝ አቶ አምሐ፣ የማቀዝቀዣው በር እንደተከፈተ።

ነገሩ የተበላሸው ያኔ ነው። ኢንሱሊኑማ የሞቀው በበዓሉ ነው፤ እኔ የምልህ በእኔና በአንተ መካከል ያለውን ነው። ከጥምቀት በኋላ ሥራ ስንገባ ፋርማሲስታችን ጽጌማርያም የመድኃኒት ማቀዝቀዣውን ከፈተች። እንደ ወትሮው ቅዝቃዜ ሊቀበላት ሲገባ የታፈነ ሙቀት ፊቷን መታት። ስትጮህ ሁላችንም በሩ ላይ ተሰበሰብን፤ አቶ አምሐ፣ ገንዘብ ተቀባዮቹ፣ ዘበኛው ጋሽ ገዳ ዱላቸውን እንደያዙ። ማስጠንቀቂያው ስልኬ ላይ ለምን እንዳልመጣ ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለሁ ነው አሠሪያችን ያንን ያሉት። እኔ የሰማሁት ግማሹን ብቻ ነው። ወንድምሽ የሠራውን። ማንን እንደሚያናግሩ ለማየት ዞር አልኩ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

ይህን በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። በስልክ ግን ሁልጊዜ ትቀድመኛለህ፤ ወይ ታስቀኛለህ፣ ወይ ኔትወርኩ ተቆራረጠ ትላለህ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። የአክስታችን ልጅ ሶፊ ነገ አንተ ወዳለህበት ወደ ናይሮቢ ስለምትበር በእሷ ልኬዋለሁ። ፊደሌን ማንበብ ካስቸገረህ ይቅርታ አልጠይቅህም።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ቢሆንም አጠና ተራ መውረዷን አልተወችም። አባዬ ይቆምበት በነበረው ቦታ ቆማ አጠና ታስጭናለች፣ ከሾፌሮች ጋር ትከራከራለች። ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም ያንተ ነው፤ ብርዱን የምትችለው ግን እሷ ናት። ይህንን ድሮም አውቀው ነበር። አስቤው ግን አላውቅም።

ምን ያህሉን እንደረሳኸው ስለማላውቅ ከመጀመሪያው ልጻፍልህ።

ያን ፕሮግራም የጻፍኩት ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ስፈልግ ነው። አንተ ያን ጊዜ የመድኃኒት ማከፋፈያው የኮምፒውተር ኃላፊ ነበርክ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ስለ መድኃኒቱ ስትጨነቅ እሰማህ ነበር። ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጬ፣ ላፕቶፑን ሶፋው ላይ አስደግፌ ጻፍኩት። ማቀዝቀዣው ውስጥ ካለው መለኪያ ሙቀቱን ያነባል፣ ይመዘግባል፣ ከልክ ሲያልፍ የኃላፊዎቹ ስልክ ላይ መልእክት ይልካል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ደግሞ የሰው እጅ ሳይጠብቅ በራሱ መጀመር አለበት። ይህን የሚያደርገው ሊኑክስ ላይ ክሮን የምንለው የሥራ አስጀማሪ ነው፤ አንድ መስመር ትጽፍለታለህ፣ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሥራውን ያስጀምርልሃል። እኔ የአንተን ማሽን መንካት ስለማልችል በፍላሽ ሰጠሁህ። እኔ ስቀጠር ረዳትህ አድርገህ ወስደኸኝ፣ አካውንት የከፈትክልኝ ዕለት፣ «ያንን ሥራሽን ወደ ስምሽ አዛውሬዋለሁ» አልከኝ። ግንባሬን ሳምከኝ። ለእማዬ ሳይቀር ነገርኳት፤ አጠናው መሃል እልል አለች።

አሁን ወደ በዓሉ ልመልስህ። በከተራ ከሰዓት መብራት መጥፋትና መምጣት ጀመረ፤ የኛን ሰፈር ታውቀዋለህ። ጋሽ ገዳም ማንም ሰው ቤቱ እንደሚያደርገው፣ የሚመላለሰው መብራት ዕቃ እንዳያቃጥል ብለው ሁሉንም ከሶኬት ነቀሉ፤ የኮምፒውተሩን መጠባበቂያ ባትሪ ዩፒኤሱን፣ ኮምፒውተሩን፣ ማቀዝቀዣውን። መብራቱ ሲረጋጋ አንድ በአንድ መልሰው ሰኩ። አምፖሉ በራ፣ ኮምፒውተሩም ተነሳ። ማቀዝቀዣው ባለበት መስመር ላይ ግን መብራቱ አልተመለሰም ነበር። ማቀዝቀዣው ድሮም መብራት ከመጣ በኋላ ቆይቶ ስለሚነሳ ዝም ማለቱ አላስገረማቸውም። ክፍሉን ቆልፈው ወጡ። ጥፋት አላገኘሁባቸውም፤ ፕሮግራሙ የተጻፈው ለዚህ ዓይነት ቀን ነበር።

መልእክት ግን አልመጣም። የሙቀቱም መዝገብ ከከተራ ከሰዓት ወዲህ ባዶ ነው። መዝገብ ከሌለ ሙቀቱ የት ድረስ እንደወጣ የሚመሰክር የለም፤ ምስክር የሌለውን ኢንሱሊን ደግሞ ጽጌማርያም ለሰው አትሰጥም። ሁሉም ይወገድ ተባለ። በካርቶን ሲወጣ ጽጌማርያም ፊቷን አዙራ ቆመች።

በማግስቱ ወይዘሮ ጫልቱ ከሳንሱሲ መጡ። ታውቃቸዋለህ፣ የልጃቸውን ኢንሱሊን በረዶ በያዘ ፔርሙዝ የሚወስዱት። ጽጌማርያም የለም ስትላቸው አላመኑም። ፔርሙዙን ከፍተው ወደ እኔ አዘነበሉትና «በረዶውን ይዤ እኮ ነው የመጣሁት» አሉኝ፤ የከለከልናቸው በረዶው አንሶ መስሏቸው። ለሌሎች መድኃኒት ቤቶች ደዋውለን እስክናገኝላቸው ድረስ ልጅቷ ሆስፒታል ገባች። አሁን ወጥታለች፤ አትደንግጥ። ወይም ደንግጥ፤ ሁላችንም ደንግጠናል።

አቶ አምሐ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ኤልናታን በነበረበት ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ እንደማያውቅ፣ ጥፋቱ በእኔ ስም ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ሪፖርት እንደሚደረግ፣ ከኮምፒውተሩ ተነስቼ ካሸር እንደምሆን ነገሩኝ። ፕሮግራሙን ኤልናታን ሠራው ያለው ማን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። የቀለድኩ መሰላቸው። «ራሱ ነዋ። የናይሮቢዎቹስ ቀጥረው የወሰዱት ይህንኑ አይተው አይደል?» አሉኝ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም።

ያን ጊዜም ጠበቃህ እኔ ነበርኩ። አቶ አምሐ ተደናግረው ይሆናል አልኩ። ወይም አንተ «የእህቴ ነው» ብለህ እሳቸው ሳይሰሙ ቀርተው ይሆናል አልኩ። ታክሲ ስጠብቅ፣ ፌርማታው ላይ እንደቆምኩ ደወልኩልህ። ስለ ፕሮግራሙ ባለቤትነት ማንሳት አፈርኩ፤ እኔ ነኝ ያፈርኩት፣ ይታይህ። የሆነውን ብቻ ነገርኩህ። አንድ ጥያቄ ጠየቅከኝ፤ ማሽኑ ጠፍቶ ተነስቶ ነበር ወይ አልከኝ። አዎ አልኩህ። የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። ከዚያ በዚያ በሚያረጋጋ ድምፅህ «አይዞሽ፣ ማንም ይሳሳታል። ሎግ ምናምን እያየሽ ራስሽን አታድክሚ፤ ፎርማት አድርጊውና በአዲስ ጀምሪ። አቶ አምሐን ይቅርታ በያቸው፣ ይረሱታል» አልከኝ።

አመሰገንኩህ። ኤልኒ፣ ለዚያ ምክር አመሰገንኩህ።

ምክርህንም ልፈጽም ነበር። ማሽኑ ላይ ያለውን ሁሉ የሚያጠፋውን ፍላሽ ሰክቼ፣ የመጨረሻው ጥያቄ ስክሪኑ ላይ መጥቶ፣ እሺ ማለት ብቻ ቀርቶኝ ነበር። እዚያ ላይ ንዴት ያዘኝ። በአንተ አይደለም፣ ገና አልደረስኩም፤ በማሽኑ ተናደድኩ። ለምን እንዳልተነሳ ሳልሰማ አላጠፋህም አልኩት። ፍላሹን ነቀልኩ።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን በእጄ አስጀመርኩት። ያለ ምንም ችግር ተነሳ፣ ሙቀቱን አነበበ፣ ስልኬ ላይ መልእክት ላከ። ስለዚህ ሥራዬ አልተሰበረም። ምናልባት ሞደሙ ከኮምፒውተሩ ዘግይቶ ስለሚነሳ ኔትወርክ አጥቶ ሞቶ ይሆናል ብዬ ኮዱን አየሁ፤ ኔትወርክ እስኪመጣ እንዲጠብቅ ያኔውኑ ጽፌለታለሁ። ፋይሉ ቦታው ላይ አለ፣ ፈቃዱም ትክክል ነው። እንግዲያውስ ያላስጀመረው ክሮን ነው ብዬ በስሜ ያለውን የክሮን ሰሌዳ ከፈትኩ።

ባዶ ነው። አንድም መስመር የለበትም። የተሳሳተ ነገር የጻፍኩ መስሎኝ እንደገና ከፈትኩት። የአስተዳዳሪውንም ከፈትኩ፤ እዚያም የለም። ወደ ስምሽ አዛውሬዋለሁ ያልከው ሥራ በስሜ ኖሮ አያውቅም።

ከዚያ ያን አትይው ያልከኝን ሎግ፣ ማሽኑ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ አየሁ። ማሽኑ በከተራ የተነሳበትን ሰዓት ፈልጌ ወረድኩ። ክሮን አልተኛም፤ ሥራውን ሊያስጀምር ሞክሮ ነበር። የሥራው ባለቤት ብሎ የጠራው ኤልናታንን ነው። ከሥሩ፣ የኤልናታን አካውንት ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ ሥራው አይጀመርም ይላል። ከሁለቱ መስመሮች ሌላ ምንም የለም። ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ። ተመልሼ አየሁት፣ ያው ነው። ጽጌማርያም ቁልፍ ልትወስድ ገብታ «ርሆቦት፣ ምን ሆንሽ? ሰው ሞተ?» አለችኝ። ቁልፉን አንስቼ ሰጠኋት።

አካውንትህን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሥራ የለቀቅክበትን የክሊራንስህን ቀን አልረሳኸውም መቼም። ወረቀቱን ይዘህ ከንብረት ክፍል ወደ ሒሳብ፣ ከሒሳብ ወደ ሰው ኃይል ስትሮጥ ውለህ መጨረሻ ላይ እኔ ጋ መጣህ። ወንድሜ ነህ ብዬ አላለፍኩህም፤ እንደ ደንቡ በስምህ የሚሄድ የቀረ ሥራ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩህ። «ምንም የለም፣ ባክሽ ፈርሚልኝ፣ አውሮፕላኑ እኮ ኮልፌ መጥቶ አይጭነኝም» ብለህ ጉንጬን ቆነጠጥከኝ። ሳቅኩ። ፈረምኩ። ዘጋሁት።

ፕሮግራሙ ያን ቀን አልቆመም፤ ቢቆም ኖሮ ወዲያው ባወቅን። ተነስቶ በመሄድ ላይ ያለን ሥራ አካውንት መዝጋት አያስቆመውም፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ነው የሚከለክለው። ዩፒኤሱ ትንንሾቹን መብራት መጥፋቶች ስለሚችል ማሽኑ አንተ ከሄድክ ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም። እኔማ አጥፍቼ አስነስቼ ልሞክረው ብዬ አቶ አምሐን ለምኜ ነበር፤ የሚሠራን ማሽን ማን ያጠፋል ብለው ከለከሉኝ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ያን ሁሉ ጊዜ የመጀመሪያውን ረጅም መብራት መጥፋት ሲጠብቅ ነበር። እኔ አላውቅም ነበር። አቶ አምሐም አያውቁም ነበር። አንተ ታውቅ ነበር። ክሊራንስ ላይ ብትነግረኝ በአንድ ትእዛዝ አዛውረው ነበር። ግን ያን ጊዜ ለምን እስካሁን በስምህ እንደቆየ እጠይቅህ ነበር፤ አቶ አምሐም ይሰሙ ነበር፤ የናይሮቢዎቹም ይሰሙ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ሰው ሥራ ሲፈልግ የማያደርገው የለም እላለሁ። ልቀበለው ያቃተኝ ስልኩ ነው። ማሽኑ ተነስቶ ነበር ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ ሁሉም ነገር ገብቶሃል። የወይዘሮ ጫልቱን ነገር ነግሬሃለሁ፣ ካሸር ልወርድ እንደሆነ ነግሬሃለሁ፣ እያለቀስኩ ነበር። አንተ ግን የመጣልህ ሎጉ ነው። በራሴ እጅ እንዳጠፋው መከርከኝ፣ ከዚያ ይቅርታ ጠይቂ አልከኝ። እኔ የማውቀው ኤልናታን ይህን ሊያስበው የሚችል ሰው አልነበረም። ይህን ስጽፍም ገና እንግዳ ይሆንብኛል፤ የሌላ ሰው ወንድም ታሪክ የማወራ ይመስለኛል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አቶ አምሐን፣ ጽጌማርያምንና ጋሽ ገዳን ማሽኑ ያለበት ክፍል ጠራኋቸው። ሥራውን ከአንተ ሰሌዳ አውጥቼ ለብቻው አካውንት ሰጥቼዋለሁ፤ እኔም ነገ ብሄድ የማይዘጋ። መለኪያውን ከማቀዝቀዣው አውጥቼ በመዳፌ ጨበጥኩትና ጋሽ ገዳን እንደ ከተራው ማሽኑን ይንቀሉት አልኳቸው። አቶ አምሐን አዩ። «ልንቀለው ወይስ አልንቀለው? ኋላ ደግሞ ገዳ ነው እንዳትሉ» አሉና ነቀሉት። መልሰው ሰኩት። ማሽኑ ተነሳ፤ ማንም አልነካውም። መለኪያው መዳፌ ውስጥ ሞቀ። መጀመሪያ የጽጌማርያም ስልክ ጮኸ፣ ከዚያ የእኔ። ከዚያ የከተራውን ሎግ ከፍቼ ስምህን አሳየኋቸው።

አቶ አምሐ መነጽራቸውን አውልቀው ደጋግመው ጠረጉ። ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ አሉኝ። ጠይቀውኝ አያውቁም አልኳቸው። ወደ ካሸር የመውረዴን ነገር ተዉት። ሪፖርቱን ግን አልቀየሩትም፤ በእኔ ስም እንደተጻፈ ይሂድ አሉ። የሙከራ ጊዜህ ሊያልቅ ስለሆነ የናይሮቢዎቹ ስለ አንተ ሊጠይቋቸው ነው፤ በወንድምሽ ላይ ልናገር ወይ አሉኝ። «የቤታችሁ ጉዳይ ነው፣ አስቢበት» ብለው ወጡ።

ማሰቡን ከእማዬ ጋር አደረግኩት። አታለቅስም ነበር፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሁሉንም ሰምታ ስትጨርስ «እሱ ሩቅ ነው፤ አንቺ እዚሁ ነሽ። እዚህ ያለ ሰው ይችለዋል» አለችኝ። እሷ የምትችለውን እኔም እንድችል ነው የፈለገችው። ጉልበቷን እያሸች ነበር ያለችው። ለእሷ ከመመለሴ በፊት ላንተ ደወልኩ፤ ያኔ ነው በግልጽ የጠየቅኩህ። አልካድክም፤ ለእሱ ክብር ልስጥህ። «ያንቺም የኔም አንድ አይደል እንዴ?» አልከኝ፤ ከዚያ ኔትወርኩ ተቆራረጠ።

ስለዚህ ለእማዬም ላንተም መልሴ ይኸውልህ። ዛሬ ጠዋት አቶ አምሐ ቢሮ ገብቼ፣ ሪፖርቱ ላይ የሆነው ነገር እንደሆነው ካልተጻፈ እንደማልፈርም፣ ካስፈለገም ራሴ ሄጄ ለባለሥልጣኑ እንደማስረዳ ነገርኳቸው። የናይሮቢዎቹም ሲጠይቁ እውነቱን ይንገሯቸው ብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ ከእሳቸው በፊት አንተ እንድትናገር እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንዲታገሡህ። እሺ ብለዋል። ለአሠሪዎችህ ፕሮግራሙ የማን እንደሆነ ንገራቸው፤ ለአቶ አምሐም ደውልና ክሊራንስ ላይ የጠየቅኩህንና የመለስክልኝን ንገራቸው። ጎበዝ ነህ፤ ያለ እኔም ሥራ ሊሰጡህ ይችሉ ነበር። ይህን ያላመንከው አንተ ነህ እንጂ እኔ ተጠራጥሬው አላውቅም።

በመሳቢያህ የተውከውን ሰማያዊ ሹራብ በሶፊ ልኬልሃለሁ። እማዬ የናይሮቢ ማታ ይበርዳል ሲሉ ሰምታለች። ክንዱ ጋ ተተርትሮ ነበር፤ ሰፍቼዋለሁ። እግዚአብሔር ያን የስልክ ጥሪ የምትደውልበትን ድፍረት ይስጥህ፣ ከደወልክም በኋላ ብቻህን አይተውህ።

ከእንግዲህ የማልቀበለውን ልንገርህና ላብቃ። በእጄ የሠራሁት ሲያምር የሌላ፣ ሲበላሽ የእኔ መሆኑን አልቀበልም። እዚህ ያለሁ ስለሆንኩ፣ ታናሽ ስለሆንኩ፣ ሴት ስለሆንኩ ትችለዋለች መባሉን አልቀበልም፤ ከአቶ አምሐም፣ ከእማዬም። ካንተ ደግሞ፣ ስለምወድህም ቢሆን አልቀበልም።

እህትህ
ርሆቦት ማኑሄ